ከወፍጮ ሥር የተነሣው ብዕር፦ የአባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ ሕይወት



ከነሐሴ 1 ቀን ጀምሮ ባሉት 15 ቀናት ዲላ በሌሊት ትነቃለች። ገና ዶሮ ሳይጮኽ ነጠላቸውን ያጣፉ እናቶች በጭቃው መንገድ እየተደጋገፉ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይወጣሉ። በወናጎም፣ በይርጋ ጨፌም፣ በቡሌም ምእመኑ በየአጥቢያው እንዲሁ ያደርጋል። ካህናቱ ሰዓታት ይቆማሉ። ከኋላ ሆኖ የሚሰማው ሕዝብ ግእዙን ቃል በቃል ባያውቀውም ዜማው ልቡን ይነካዋል፣ አንዳንዱም ያለቅሳል። ታዲያ ይህን ሰዓታት የደረሰው ሰው በልጅነቱ ትምህርት የማይገባው ተብሎ ከጉባኤ ቤት ወደ አባቱ የተመለሰ ልጅ እንደ ነበር ስንቶቻችን እናውቃለን?

በዘንድሮው የፍልሰታ ጽሑፍ የአባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫን ሕይወት የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። በየሰንበት ትምህርት ቤቱ፣ በየግቢ ጉባኤው፣ መጻፍ የሚወዱ ብዙ ወጣቶች አሉን። ለበዓል መነባንብ አዘጋጁ ሲባሉ ደብተር ገዝተው ይቀመጣሉ፣ ሳምንት ያልፋል፣ ወረቀቱ ግን ነጭ እንደ ሆነ ይቀራል። ሌሎቹ ደግሞ ጽፈው ጨርሰዋል፤ ግን ደብተሩን ከፍራሽ ሥር አድርገውታል፣ ለማንም አያሳዩም። ሰው ይስቅብኛል ይላሉ። ሠ እና ሰ፣ ሐ እና ኀ ቦታቸውን ስቼ ይሆን ብለው ይሰጋሉ። በተለይ እዚህ በጌዴኦ ምድር በቤቱ ጌዴኡፋ እየተናገረ አድጎ በአማርኛ የሚጽፈው ልጅ ስጋቱ እጥፍ ነው። እንግዲህ የአባ ጊዮርጊስ ታሪክ ለሁለቱም የሚናገረው ነገር አለው፤ ባዶ ወረቀት ይዞ ለተቀመጠውም፣ የጻፈውን ለደበቀውም።

ጊዮርጊስ የተወለደው በዛሬው ወሎ፣ ሰግላ በሚባል ቦታ፣ በ1350ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ እንደ ሆነ ይገመታል። ለዚህም ነው አንዳንድ መጻሕፍት ጊዮርጊስ ዘሰግላ የሚሉት። አባቱ ሕዝበ ጽዮን ይባላል፣ በቤተ መንግሥቱ የድንኳን ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግል ካህን ነበር። የዚያን ዘመን ነገሥታት አንድ ከተማ ላይ አይቀመጡም፤ ከቦታ ቦታ በድንኳን ይዘዋወራሉ፣ ካህናቱና ታቦቱም አብረው ይጓዛሉ። እንዲህ ባለ ቤት ያደገ ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ቅዳሴ እየሰማ፣ ብራና እያየ ነው የሚያድገው። ሰውም ካህን እንዲሆን ይጠብቅበታል። መጠበቁ ደግሞ ለልጅ ከባድ ሸክም ነው፣ ይህን ማንም የካህን ልጅ ይመሰክራል።

አባቱ ልጁን የወሰደው ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ነው። ሐይቅ በ13ኛው መቶ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞአ ያቀኑት ገዳም ነው። ጻድቁ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ተምረውበታል። አባ ኢየሱስ ሞአ መጻሕፍትን እያስጻፉ ይሰበስቡ ስለ ነበር ገዳሙ በመጻሕፍቱ ብዛት የታወቀ ሆነ። እርሳቸው ለገዳሙ የሰጡት ወንጌል እስከ ዛሬ አለ። ጊዮርጊስ የገባው እንግዲህ በአገሪቱ ካሉት ትልልቅ የትምህርት ቤቶች ወደ አንዱ ነበር። ዛሬ ቢሆን ስሙ የተጠራ ዩኒቨርሲቲ ገባ እንደሚባለው ማለት ነው።

ገባ፤ ግን ትምህርቱ አልገባውም።

መምህሩ ይነግሩታል፣ ይረሳል። ጓደኞቹ ከእርሱ በኋላ ጀምረው አልፈውት ይሄዳሉ። የአብነት ትምህርት ቤትን ያየ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ጉባኤው ሁሉ ጮክ ብሎ በሚያጠናበት ቦታ ዝም ያለ ልጅ ተደብቆ መኖር አይችልም። ቀለም አልገባ ያለው ልጅ ድምፁ ብቻውን ይሰማል፣ ወይም ብቻውን ይጠፋል። በመጨረሻ መምህሩ ተስፋ ቆረጡና ልጁን ወደ አባቱ ሰደዱት።

ገድሉ እንደሚነግረን ሕዝበ ጽዮን ልጁን አልተቀበለም። ለእግዚአብሔር የሰጠሁትን መልሼ አልወስድም፣ መማር ባይሆንለት ገዳሙን እያገለገለ ይኑር የሚል መልስ ሰጥቶ ወደ ሐይቅ መለሰው። እዚህ ላይ የሕዝበ ጽዮንን ልብ ሳስብ ይገርመኛል። ልጁን አልሰደበውም፣ ሌላ ሙያም አልፈለገለትም። መጽሐፍ ማንበብ ባይችልም መጽሐፍ ካለበት ቦታ እንዳይርቅ አደረገው።

ጊዮርጊስ የተሰጠው ሥራ እህል መፍጨት ነበር። ሐይቅ ሴት የማትገባበት ገዳም ስለ ነበረ ወፍጮው የወንዶቹ ሥራ ነው። የእጅ ወፍጮ ምን እንደ ሆነ እናቶቻችንን መጠየቅ ነው። ተንበርክኮ፣ ጎንበስ ብሎ፣ መጁን በሁለት እጅ ይዞ ወደፊት መግፋት፣ ወደኋላ መሳብ። ጉልበት ይቆስላል፣ ትከሻ ይዝላል፣ መዳፍ ይደድራል። እርሱ ግን የራሱን ድርሻ ብቻ ሳይሆን የታመሙትንና የደከሙትንም ድርሻ ይፈጭ እንደ ነበር ይነገራል። እኩዮቹ ዳዊት ሲደግሙ እርሱ የሚሰማው የድንጋይ ድምፅ ነው። ሌሊት ሌሊት ደግሞ በእመቤታችን ሥዕል ፊት ቆሞ ያለቅሳል፣ ማስተዋልን እንድታሰጠው ይለምናታል። ይህ የአንድ ሳምንት ጉዳይ አልነበረም። ዓመታት አለፉ።

እስኪ አስቡት፤ ስንት ጊዜ ሄጄ እረፍ ብሎ አስቦ ይሆን? በሐይቁ ማዶ ዓለም አለ፣ እርሻ አለ፣ ንግድ አለ፣ የአባቱ ወዳጆች ያሉበት ቤተ መንግሥት አለ። አልሄደም። ቤተ ክርስቲያናችን እንደምታስተምረው በመጨረሻ እመቤታችን ከቅዱስ ዑራኤል ጋር ተገልጣ ጽዋዐ ልቡናን አጠጣችው፣ ከዚያ በኋላ ብሉይና ሐዲስ ተገለጠለት።

ብዙዎቻችን ታሪኩን የምናወራው ከጽዋው ጀምረን ነው። ጽዋው ግን የመጣው ወፍጮው ጋ ነው። የቅዱስ ያሬድንም ታሪክ ስናወራ ወደ ዜማው እንቸኩላለን እንጂ ከመምህሩ ሸሽቶ ዛፍ ሥር ተቀምጦ፣ ያቺ ትል እየወደቀች እየተነሣች ግንዱን ስትወጣ ያየበትን ቀን እንዘለዋለን። ያሬድ ከትሏ ተምሮ ተመለሰ፤ ጊዮርጊስ ደግሞ ከመጀመሪያውም ከቦታው አልተነቃነቀም። ጸጋ ከእግዚአብሔር ነው፣ ይህን ማንም አይክድም። ጸጋው ሲመጣ ግን ልጁ ቤት ነበረ።

የጌዴኦ እናቶች እንሰቱን ፍቀው ጉድጓድ ውስጥ ሲቀብሩት የማያውቅ ሰው ቢያይ የተጣለ ይመስለዋል። ለወራት ምንም የሚታይ ነገር የለም። ውስጡ ግን እየበሰለ ነው፣ ጊዜው ሲደርስ ቆጮ ሆኖ ይወጣል። በወፍጮው ዘመን ጊዮርጊስ ቅዳሴውን፣ ማኅሌቱን፣ የመነኮሳቱን ጸሎት ቀን ከሌት ይሰማ ነበር። አልገባኝም ሲል የነበረው ጆሮው ሲጠግብ ኖሯል ብዬ እገምታለሁ። መጻፍ አቃተኝ የምትል እህቴ፣ መጻፍ ያቃተሽ ጊዜ ሁሉ ባዶ ጊዜ ነው ብለሽ አትቁጠሪው። ደብተሩን ዘግተሽ ቤተ ክርስቲያን አገልግይ፣ አንብቢ፣ የአያትሽን ተረት ስሚ፤ ብቻ ከመጻሕፍቱ አጠገብ አትራቂ።

ከዚያ በኋላ ጊዮርጊስ ብዕሩን አላስቀመጠም። ኆኅተ ብርሃን፣ ውዳሴ መስቀል፣ ውዳሴ ሐዋርያት፣ ፍካሬ ሃይማኖት፣ መጽሐፈ ሰዓታት የእርሱ ናቸው፤ አርጋኖንንም ቤተ ክርስቲያናችን ከድርሰቶቹ ትቆጥረዋለች። ስለ ሰዓታቱ ጥቂት ልበል። ከእርሱ በፊት በአገራችን ሰዓታት አልነበረም ማለት አይደለም። ከግብፅ የመጣ፣ ወደ ግእዝ የተተረጎመ የሰዓታት መጽሐፍ ነበር፣ አባቶችም ይጸልዩበት ነበር። ጊዮርጊስ የደረሰው የቀንና የሌሊት ጸሎት የአገሩን ዜማና ልማድ የያዘ፣ ለእመቤታችን ምስጋና ሰፊ ቦታ የሰጠ ሌላ መጽሐፍ ነው። አባቶች ሲጸልዩበት የኖሩት መጽሐፍ እያለ እኔም አለኝ ብሎ መቅረብ ድፍረት ይጠይቃል። ያለው ይበቃል፣ አንተ ማነህ የሚል ሰው በየዘመኑ አይጠፋም። እንዲያም ሆኖ ዛሬ በየደብሩ ሌሊት የምንሰማው ያንኑ በድፍረት የቀረበውን ሰዓታት ነው።

ሌላም ነገር አለ። በአባ ጊዮርጊስ ዘመን ግእዝ ሕፃን ከእናቱ አፍ የሚማረው ቋንቋ መሆኑ ካበቃ ብዙ ዘመን አልፎት ነበር። በቤተ መንግሥቱ ወታደሮች ለነገሥታቱ የሚዘፍኑት በጥንቱ አማርኛ እንደ ነበረ ከዚያው ዘመን የቀሩ ግጥሞች ያሳያሉ። ስለዚህ አባ ጊዮርጊስ የጻፈው በትምህርት ባገኘው፣ ያውም በስንት መከራ ባገኘው ቋንቋ ነው። በአማርኛ ስጽፍ ይሳቅብኛል ብሎ የሚሰጋ የይርጋ ጨፌ ልጅ ይህን ልብ ይበል። በጌዴኡፋ መጻፍ ለሚፈልገውም መንገዱ ክፍት ነው፣ ዛሬ ትምህርት ቤት የሚሰጥበት ቋንቋ ነውና።

የመጻፊያው ነገር ራሱ ቀላል አልነበረም። የፍየሉ ወይም የበጉ ቆዳ በውኃ ይዘፈዘፋል፣ በእንጨት ይወጠራል፣ ጠጉሩና ሥጋው ተፍቆ ይለሰልሳል፣ ከዚያ ነው ብራና የሚሆነው። ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸትና ከተቆላ እህል እየተቀመመ ለረዥም ጊዜ ይታሻል። ቀዩ ለቅዱሳን ስም ይቀመጣል። ብዕሩ መቃ ነው፣ በቢላዋ እየተቀረጸ። አንድ ትልቅ መጽሐፍ የብዙ ፍየል ቆዳ ይበላል። እኛ 50 ገጽ ያለው ደብተር ይዘን የመጀመሪያውን መስመር እንዳናበላሽ እንፈራለን።

እስካሁን ያወራነው ስለ መጻፍ ነው። የጻፉትን ወደ ሰው ማውጣት ደግሞ ሌላ ፈተና ነው፣ አባታችን የተፈተኑትም በዚህ ነው።

ዘመኑ የዓፄ ዳዊት ዘመን ነበር። ዓፄ ዳዊት መጻሕፍት ወዳጅ ንጉሥ ናቸው፤ ተአምረ ማርያም ወደ ግእዝ የተመለሰው በእርሳቸው ጊዜ ነው። የጊዮርጊስ ዕውቀት ሲሰማ ወደ ቤተ መንግሥት ተጠራ፣ የንጉሡን ልጆች አስተማረ። ንጉሡ ልጃቸውን ሊድሩለት አስበው እርሱ ግን ምንኩስናን እንደ መረጠ ይነገራል። እንዲህ የተወደደ ሰው ዝም ብሎ ቢኖር ኑሮው የተደላደለ ነበር። ግን በቤተ መንግሥቱ ቢቱ የሚባል፣ በንጉሡ ዘንድ ተሰሚነት ያለው ሰው ነበረ፤ ስለ ምሥጢረ ሥላሴ የሚያስተምረውን አባ ጊዮርጊስ ትክክል አይደለም አሉ፣ በአደባባይም ተከራከሩት። ከዚያ በኋላ የሆነውን መገመት አያዳግትም። ነገር ተሠራባቸው፣ ንጉሡ ጆሮ ሰጡ፣ አባ ጊዮርጊስ ታሰሩ።

ይህ መቼም ደብተርን ከፍራሽ ሥር ከማውጣት የበለጠ ነገር ነው። አንድ ሰው መነባንቡን በሰንበት ትምህርት ቤት አዳራሽ ቢያነብና አንዱ ቢስቅበት ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ እራቱን በልቶ ይተኛል። የአባታችን ሰሚዎች ግን ንጉሥና መኳንንት ነበሩ፣ የሚያስከፍሉትም እስራት ነው። ከእስር በኋላ አባ ጊዮርጊስ ጥግ ይዘው ዝም ይላሉ ብሎ የጠበቀ ካለ አላወቃቸውም። ትልቁን መጽሐፋቸውን የጨረሱት ከዚያ በኋላ ነው።

በዚህ በፍልሰታ ቅዳሴ ማርያምን የምንሰማላቸው የብህንሳው አባ ሕርያቆስም እንዲህ ያለ ታሪክ አላቸው። አልተማሩም ተብለው በገዛ ካህናቶቻቸው ተንቀዋል፤ ሊያሳፍሯቸው ቀድሱ ቢሏቸው ያንን ምስጋና አፈሰሱት። ድርሰቱ እንኳ ወዲያው አልታመነም፣ በእሳትና በውኃ ተፈትኗል ይላል ትውፊቱ። ከእነርሱም በፊት ነቢዩ ኤርምያስ አለ። ባሮክ የጻፈለትን ክርታስ ንጉሥ ኢዮአቄም በቢላዋ እየቀደደ ምድጃ ውስጥ ጨመረው። ኤርምያስ ምን አደረገ? ሌላ ክርታስ አስመጣና ባሮክን እንደ ገና አስጻፈው፣ ያውም ከበፊቱ ጨምሮ። ለጻፉት ነገር የመጀመሪያው ሰሚ ሁልጊዜ ወዳጅ አይሆንም።

ይህን ስል ማንም የጻፈውን ሁሉ ሳያስመረምር ዐውደ ምሕረት ላይ ይውጣ ማለቴ አይደለም። አባ ጊዮርጊስ የሐይቅ ልጅ ናቸው፣ በሥርዓት ያደጉ። የሃይማኖት ነገር ከሆነ መጀመሪያ ለመምህር ይነበባል፣ ይታረማል። ግን ለአንድ መምህር ማንበብም እኮ ማውጣት ነው። ብዙ ወጣት የሚሰናከለው እዚያች የመጀመሪያዋ ደጃፍ ላይ ነው። ለአንድ ለምታምኑት ሰው አንብቡ። ያርመው፣ ይስረዝበት። ቁም ጸሐፊው እንኳ ሲሳሳት ብራናውን ይፍቃል እንጂ ፍየሉን አይረግምም።

አባታችን የኖሩበትና ስማቸው የተጠራበት ጋሥጫ በደቡብ ወሎ ቦረና ውስጥ ነው። የእኛ ጎረቤት የሆነው የደቡቡ ቦረና እንዳይመስላችሁ፣ ስሙ አንድ ሆኖ አገሩ ሌላ ነው። በዓፄ ይስሐቅ ዘመነ መንግሥት መጽሐፈ ምሥጢርን ጻፉ። ይህ መጽሐፍ 30 ድርሳናት አሉት፣ በየበዓላቱ እንዲነበቡ የተዘጋጁ ናቸው። እያንዳንዱ አንድ የስሕተት ትምህርት ይዞ ይመልሳል፤ አርዮስ፣ ሰባልዮስ፣ መቅዶንዮስ፣ ንስጥሮስና ሌሎችም በየተራ ይነሣሉ። ለሰንበት ክብርም ይሟገታል፣ የሰንበት ጉዳይ በዚያን ጊዜ ገና ብዙ የሚያነጋግር ነበርና። አጻጻፉ የደራ ነው፤ በክርክሩ መሐል ድንገት ምስጋና ይፈልቃል፣ ቁጣው ወደ ጸሎት ይዞራል። ያኔ ወፍጮ ላይ የሚፈጨው ልጅ ያነባል ያልተባለለትን ብሉይና ሐዲስ እዚህ ላይ እንደ ልቡ ይመላለስበታል።

መጽሐፉ የተፈጸመው በሰኔ ወር 1416 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ አባ ጊዮርጊስ ዕድሜያቸው ወደ 60 እየተጠጋ ነበር። ሐምሌ 7 ቀን 1417 ዓ.ም. ዐረፉ፤ መጽሐፉን ከጨረሱ አንድ ዓመት ገደማ ነው። ሲጽፉ ጊዜው አጭር መሆኑን ያውቁ ነበር ወይ ብዬ አንዳንዴ አስባለሁ። ያንን ሥራ ለሚቀጥለው ዓመት ይደር ብለው ቢያቆዩት ኖሮ ዛሬ መጽሐፈ ምሥጢር የሚባል መጽሐፍ ባልነበረን።

ከእርሳቸው በኋላ ያለውን ቁም ጸሐፊዎቹ ያውቁታል። መጽሐፉ እየተገለበጠ ከገዳም ወደ ገዳም ሄደ። በዘመናችን ፕሮፌሰር ያዕቆብ በየነ ግእዙን ከጣልያንኛ ትርጉም ጋር አዘጋጅተው ቤልጅግ አገር በሉቫን ታትሟል፤ አገር ውስጥም በግእዝና በአማርኛ ታትሞ ለአንባቢ ቀርቧል። በየዓመቱ ሐምሌ 7 ቀን በቅድስት ሥላሴ በዓል ዕለት የአባታችን ዕረፍት አብሮ ይታሰባል። ከዚያ ሦስት ሳምንት ተኩል አይሞላም ፍልሰታ ይገባል፣ ሰዓታቱም ይቆማል፤ በዲላ ቡናው ገና በቅርንጫፉ ላይ አረንጓዴ ሳለ።

የጻድቁ አባታችን የአባ ጊዮርጊስ በረከት ይደርብን፣ አሜን።